መጽሐፉ በማን ስም ይገኛል? የካታሎግ ሥራ ከሐይቅ እስከ አምቦ

በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ዝርዝር የተጀመረው ለጥበቃ ነው። በገዳማትና በአድባራት መጻሕፍት ከጽዋው፣ ከመስቀሉና ከልብሰ ተክህኖው ጋር በገበዙ ወይም በዕቃ ቤቱ እጅ ይቀመጣሉ። የንብረቱ ዝርዝርም ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው ከቤተ ክርስቲያኑ በማይወጣው መጽሐፍ፣ በተለይም በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያስጻፉት ወንጌል እንዲህ ያለውን የመጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ዛሬ ድረስ ቆይቷል። በዚህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ የመጽሐፉ ስም፣ ብዛቱ፣ አንዳንዴም የሰጪው ስም ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የሸጠ የተወገዘ እንዲሆንም ግዝት ይታከላል። መጽሐፉ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ወይም ስለ ምን እንደሚናገር አይጻፍም፤ ጠባቂው ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋልና አያስፈልግም ነበር።

ይህ የንብረት ዓይን ከቤተ ክህነት ወደ መንግሥት ቢሮ ተሻግሯል። ዩኒቨርሲቲ የገዛው መጽሐፍ እንደ ወንበርና ጠረጴዛው ሁሉ በንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። የንብረት መዝገቡ መጽሐፉ መኖር አለመኖሩን ብቻ ይጠይቃል። ካታሎጉ ግን ማን እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍ አጠገብ እንደሚቆምና አንባቢ በየትኛው ስም ፈልጎ እንደሚያገኘው መናገር አለበት። የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ከሰባ ዓመት በላይ ሲታገሉበት የኖሩት በተለይ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ የሥራው ሕግ የተቀረጸው የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ በሆነበት፣ ፊደሉም ዘመን አቆጣጠሩም ሌላ በሆነበት አገር ነበርና።

የኢትዮጵያን መጻሕፍት በዘመናዊ መንገድ የዘረዘሩት መጀመሪያ የውጭ ሊቃውንት ናቸው። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1847 የብሪትሽ ሙዚየምን የግዕዝ ብራናዎች፣ በ1848 ደግሞ የኦክስፎርዱን የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ዘረዘረ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን 234 ብራናዎች ካታሎግ በ1859 አሳተመ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው የዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ብሪትሽ ሙዚየም በገቡ ጊዜም ዊሊያም ራይት ዘርዝሯቸው በ1877 ካታሎጉ ታተመ። የእነዚህ ሥራዎች ጥራት አያከራክርም። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ የገዛ አገሩ መጻሕፍት የትና ምን እንደሆኑ ለማወቅ የለንደንና የፓሪስ ካታሎግ በላቲንና በፈረንሳይኛ ማንበብ ይገባው ነበር።

በአገር ውስጥ ሰው የተዘጋጀ፣ ለአገር ውስጥ አንባቢ የታተመ ካታሎግ የመጣው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው በድጋሚ አወጡት። ይህ ሥራ ከደራሲው ልብ ወለዶችና የታሪክ መጻሕፍት ጥላ ሥር ቢቆይም በቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። ከአንድ ደብር አጥር አልፎ በመላ አገሪቱ የሚገኘውን የመጻሕፍት ሀብት በአንድ መጽሐፍ ያሰባሰበና ከብራናው ጎን የማተሚያ ቤት ውጤትንም ያስገባ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተቋማቱ በተከታታይ ተቋቋሙ። በ1936 ዓ.ም. በኋላ በአጭሩ ወመዘክር የተባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1939 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው አምቦ፣ በዚያ ዘመን አጠራር ሀገረ ሕይወት፣ የግብርና ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ቆይቶ ኮሌጅ የሆነው፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ይህ ትምህርት ቤት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያዙት። አምቦ በዕድሜ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ትቀድማለች ማለት ነው። የካታሎግ ሕጉ፣ ሥልጠናውና ባለሙያው ግን ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣው፤ አምቦ የምትገኝበትን የምዕራብ ሸዋን የካታሎግ ታሪክ ከአዲስ አበባው ነጥሎ መጻፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በካርድ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ሥራ እንደሚከተለው ይሄድ ነበር። መጽሐፉ ከግዥ ወይም ከስጦታ ሲደርስ በመግቢያ መዝገብ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል። ካታሎገሩ የርዕስ ገጹን አንብቦ ደራሲውን፣ ርዕሱን፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት፣ የገጹን ብዛት ይመዘግባል፤ ከዚያ ስለ ምን እንደሆነ ወስኖ የምደባ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በመጽሐፉ ጀርባ ይለጠፋል። መረጃው ሁሉ 7.5 በ12.5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወፍራም ካርድ ላይ በመጻፊያ መኪና ይተየባል። ካርዱ አንድ አይደለም፤ ለደራሲው፣ ለርዕሱ፣ ለጉዳዩ፣ ተባባሪ ደራሲ ወይም ተርጓሚ ካለም ለእርሱ ሌላ ሌላ ካርድ ይዘጋጃል። አንድ ተጨማሪ ካርድ በመደርደሪያው ቅደም ተከተል ተደርድሮ በሠራተኞች ክፍል ይቀራል፤ ዓመታዊ ቆጠራ የሚካሄደው በእርሱ ነው። ካርዶቹ ከታች ባለው ቀዳዳ የብረት ዘንግ እየገባባቸው በመሳቢያ ይታሰራሉ።

ይህን ሥራ መምራት ከሥራው ይከብዳል። አምስት ሠራተኞች አምስት ዓይነት ካርድ ከሠሩ ካታሎግ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ ዋና ሥራ ውሳኔ መመዝገብ ነው፤ ይህ ደራሲ በዚህ አጻጻፍ ይያዝ፣ ያኛው አጻጻፍ ወደዚህ ይምራ፣ ይህ ርዕሰ ጉዳይ በዚህ ቃል ይጠራ የሚል። ውሳኔዎቹ የሚጠራቀሙበት የስሞች መዝገብ ለአንባቢ አይታይም፤ ካታሎጉን ግን የሚያቆመው እርሱ ነው። የውጭ አገር ካታሎገር ይህን መዝገብ ተሠርቶ ያገኘዋል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የታተሙ ካርዶችን ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። ለኢትዮጵያ መጻሕፍት ግን መዝገቡ ከባዶ መጀመር ነበረበት።

ችግሩን ለማየት ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱትን ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን መውሰድ ይበቃል። የምዕራባውያን ሕግ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በዚህ ስሌት ጸጋዬ «ገብረ መድኅን፣ ጸጋዬ» ሆነው በ«ገ» ይገባሉ፣ ማለትም መጽሐፉ በአባታቸው ስም ይመዘገባል። ሕጉን በግማሹ የሚያውቅ ደግሞ «መድኅን፣ ጸጋዬ ገብረ» ብሎ አንዱን የአባት ስም ለሁለት ይሰነጥቀዋል። እንደ ብላቴን ጌታ፣ ደጃዝማችና አለቃ ያሉት ማዕረጎችም እንደ ስም ተቆጥረው የገቡበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያዊው አንባቢ ግን «ጸጋዬ» ብሎ ነው የሚመጣው።

በስሙ ከተስማሙ በኋላም አጻጻፉ ይቀራል። በአማርኛ «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ» ሁለቱም ይጻፋሉ። በላቲን ፊደል ሲሆን አንዱ አጻጻፍ በ«ቲ» ይጀምራል፤ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ከሥሩ ነጥብ ያለው አጻጻፍ በ«ኤስ» ይጀምራል። ጸጋዬ በእንግሊዝኛም ጽፈዋል፤ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው ተውኔታቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። በመደርደሪያ ላይ የእንግሊዝኛው ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ የአማርኛው ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር ይቆማል። የአንድ ሰው ሥራዎች የሚገናኙት በካታሎጉ ብቻ ነው፤ ካታሎጉ በሦስት ስም ከበተናቸው የትም አይገናኙም።

ዓለም አቀፉ የሙያ ማኅበረሰብ ጉዳዩን ቀስ ብሎ ነው የተረዳው። እ.ኤ.አ. በ1961 በፓሪስ የተካሄደው የካታሎግ መርሖች ጉባኤ የሰው ስም በሰውየው አገር ልማድ መሠረት እንዲያዝ ተስማማ፤ ኢፍላ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽንም የየአገሩን ልማድ የሚያሳይ መመሪያ አወጣ። በ1967 እና በ1978 የታተሙት የአንግሎ አሜሪካ የካታሎግ ሕጎች የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው በራሱ ስም እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ሕጉ አለ ማለት ግን በሥራ ላይ ውሏል ማለት አይደለም። የውጭ ካታሎገር ከፊቱ ያለው ስም የቤተሰብ ይሁን የአባት በምን ያውቃል? ጥያቄውን የሚመልሰው ደራሲውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህም የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሥራ ከአገር አልፎ ተፈላጊ ሆነ።

ፊደሉ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። በሀለሐመ ተራ ሀ መጀመሪያ፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ደግሞ ከተ እና ከቸ በኋላ ይመጣል። «ኅሩይ»፣ «ሕሩይ» እና «ህሩይ» ተብሎ የተጻፈ ስም በሦስት መሳቢያ ይገባል ማለት ነው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐም እንዲሁ ይራራቃሉ፤ ጸ እና ፀ ጎረቤት በመሆናቸው ብቻ ጉዳታቸው ያንሳል። መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለድርደራ ሲባል እንደ አንድ መቁጠር ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመራ ካርድ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ለፈላጊ ይቀላል፣ የግዕዝ ሊቃውንትን ግን ያስቆጣል። የርዕስ ካርዶችስ? በእንግሊዝኛ ድርደራ ርዕስ ሲጀምር የሚመጣው መስተአምር ይታለፋል። በአማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ስለ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው የሚጻፉ ስለሆኑ አይታለፉም፤ የ«የ» መሳቢያ ሲጨናነቅ ሌሎቹ ባዶ ይሆናሉ። በግዕዙ በኩል ደግሞ «መጽሐፈ» የሚል መጀመሪያ ያላቸው መጻሕፍት ብዛታቸው የታወቀ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሲያመልጡ የያዙት መንገድ ሁሉንም በላቲን ፊደል ጽፎ በኤቢሲ ተራ መደርደር ነበር፤ ለካታሎገሩ ሥራ ቀለለ፣ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን የገዛ ቋንቋውን መጽሐፍ በባዕድ ፊደል ይፈልግ ጀመር።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ሽፋኑ ላይ 1962 የሚል መጽሐፍ የታተመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ 1969 ወይም 1970 ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ወሩ ከታወቀ ብቻ ነው። ጥንቁቅ ካታሎገር በርዕስ ገጹ ያለውን እንዳለ ጽፎ ተመጣጣኙን በቅንፍ ያስቀምጣል። ጥንቃቄ የጎደለው ሲሆን የ1962ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ከአብዮቱ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ታተመ ተብሎ በተማሪ ጥናት ውስጥ ይጠቀሳል።

ምደባው ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው የአሥርዮሽ ምደባ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ አማርኛ ቋንቋ በ492.8 ሥር ነው። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ምደባ ታሪኩ በዲቲ 371 ይጀምራል፤ አማርኛ በፒጄ 9200ዎቹ፣ ኦሮምኛ በፒጄ 2470ዎቹ ይገኛሉ። ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት እነዚህ ጠባብ ቁጥሮች ይበቃሉ። መጻሕፍቱ ግማሽ በግማሽ ስለ ኢትዮጵያ በሆኑበት ቤተ መጻሕፍት ግን መቶዎች በአንድ ቁጥር ይከመራሉ፣ መለያው ከነጥብ በኋላ እየረዘመ ከመጽሐፉ ጀርባ ይተርፋል።

ከቁጥሩ ይልቅ የርዕሰ ጉዳይ ቃላቱ ነበሩ ሰው የሚጎዱት። ከአሜሪካ በመጡት ካርዶች ላይ የኦሮሞ ሕዝብና ቋንቋ ለረጅም ጊዜ የተጠሩት ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበትና በሚጸየፈው ስም ነበር። ኋላ ርዕሱ «ኦሮሞ» ተብሎ ተስተካክሏል፤ የቀድሞው ቃል የቀረው አሮጌ ጽሑፍ ለሚፈልግ ሰው መምሪያ ሆኖ ነው። ካርድ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። በእያንዳንዱ መሳቢያ ያለውን አውጥቶ፣ ፍቆ ወይም ዳግም ተይቦ መመለስ የወራት ሥራ ስለሆነ የሠራተኛ እጥረት ባለበት ሁሉ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የቦታ ስም በምዕራብ ሸዋ ተመሳሳይ ጥያቄ ያመጣል። አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶ ጊዮን ተብለው የኖሩበት ዘመን አለ። የአምቦ አካባቢ በንጉሡ ዘመን የሸዋ ጠቅላይ ግዛት የጅባትና ሜጫ አውራጃ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በኦሮሚያ የምዕራብ ሸዋ ዞን ሆነ፣ ወሊሶም ኋላ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ መቀመጫ ሆነች። ስለ ሸነን፣ ስለ ጌዶ ወይም ስለ ጊንጪ የመሬት ይዞታ የሚያጠና ተማሪ የ1950ዎቹን ሰነድ በ«ጅባትና ሜጫ» ካልፈለገ አያገኘውም። ካታሎጉ ሁለቱን ስሞች በ«እዚያም ይመልከቱ» ካላገናኘ የአካባቢው ታሪክ በሁለት ተከፍሎ ይቀራል።

እነዚህ ጥያቄዎች በስፋት የተሠራባቸው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አደራጁ፣ በአገሪቱ የታተሙትን የሚዘረዝር ዓመታዊ መጽሔትም ጀመሩ። ቀደም ሲል በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሠሩት ሪታ ፓንክረስት ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መርተዋል። በየፋኩልቲው የተበተኑትን ስብስቦች በአንድ አሠራር ሥር ማምጣትና በኋላ በኬኔዲ ስም የተሰየመውን ዋናውን ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት የተሠሩት በእርሳቸው ዘመን ነው። እርሳቸው ራሳቸው ስለ መቅደላው የቴዎድሮስ ቤተ መጻሕፍት ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንግሊዛዊው ስቲፈን ራይት ደግሞ በ1967 ቀደምት የኢትዮጵያ ሕትመቶችን የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጡ። በ1961 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርም ሙያተኛውን አሰባሰበ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1966 በናይሮቢ ቢሮ ከፍቶ የኢትዮጵያን ሕትመት መሰብሰብና መዘርዘር ሲጀምር የአማርኛ መጽሐፍ ሙሉ ካታሎግ ከአዲስ አበባ ይልቅ በውጭ ቀድሞ የሚዘጋጅበት እንግዳ ሁኔታ ተፈጠረ።

በሪፈረንስ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ የሚቆሙት መሣሪያዎችም በዚሁ ዘመን ተበራከቱ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደቀ መዝሙራቸው የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው በ1962 ዓ.ም. ታተሙ። ሁለቱም በአበገደ ተራ የተደረደሩ ናቸው፤ ሀለሐመን ብቻ የተማረ ወጣት ቃሉን አጥቶ መጽሐፉን ሲመልስ የሪፈረንስ ሠራተኛው የመጀመሪያ ሥራ ተራውን ማስረዳት ይሆናል። የበላይነሽ ሚካኤል፣ የሆይናትስኪና የፓንክረስት የኢትዮጵያ የሕይወት ታሪክ መዝገብ የመጀመሪያ ቅጽ በ1975 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዛግዌ ዘመን ፍጻሜ ቆመ። የጥላሁን ገምታ የኦሮምኛና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1989 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በጀርመን በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደረድርም፤ ያ የቆየው ክርክር ቢያንስ በአንድ ትልቅ ሥራ ላይ ተፈትቷል።

የብራናው ካታሎግ ትልቁ ምዕራፍም ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ዊሊያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ፊልሞቹን እየመረመሩ አሥር ቅጽ ካታሎግ አወጡ፤ የሐይቁ የኢየሱስ ሞአ ወንጌልም በዚያ ሥራ ውስጥ ቁጥር 1832 ሆኖ ይገኛል። የፕሮፌሰር ጌታቸው መግለጫዎች ርዕስና ዘመን በመጥቀስ አያበቁም፤ በኅዳግ የተጻፈውን የርስት ውል፣ የንብረት ዝርዝርና የነገሥታት ማስታወሻ ሁሉ ይዘረዝራሉ። ለዚህም ነው የታሪክ ተመራማሪዎች ካታሎጉን እንደ ምንጭ መጽሐፍ የሚያነቡት።

በደርግ ዘመን የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ሕግ ወጣ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 179 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ሥልጣን በአዲስ መልክ ወሰነ። ሥልጠናውን በተመለከተ በ1990 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ለውጥ አመጣ። በዩኔስኮ የተሠራው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ስለሚታደል የካርዱን መረጃ ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩት ብዙዎቹ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት በእርሱ ነው የጀመሩት። የግዕዝ ፊደል ግን ገና ቤት አልነበረውም፤ የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ይጽፉ ስለነበር በአንዱ የተመዘገበው በሌላው አይነበብም። ፊደሉ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ነው አንድ የአማርኛ መዝገብ በማንኛውም ኮምፒውተር የሚከፈትበት መንገድ የተጠረገው። ኒው ዚላንድ ውስጥ የተወለደው ኮሃ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተስፋፋውም ከዚያ በኋላ ነው።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ዋናው ግቢ፣ በከተማው ያለው የሃጫሉ ሁንዴሳ ግቢ፣ የጉደሩ የማሞ መዘምር ግቢና የወሊሶው ግቢ ተራርቀው ሲገኙ የካታሎግ አስተዳደር ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ሁሉም መጽሐፍ በማዕከል ተመዝግቦ ይከፋፈል ከተባለ አሠራሩ አንድ ይሆናል፣ የወሊሶ ተማሪ ግን መጽሐፉ አምቦ ወረፋ እስኪደርሰው ይጠብቃል። በየግቢው ይመዝገብ ከተባለ ይፈጥናል፤ አንዱ መጽሐፍ ግን በአራት አጻጻፍ ይገባል። መካከለኛው መንገድ ምዝገባውን ለየግቢው ትቶ የስሞችና የርዕሰ ጉዳዮች መዝገቡን በማዕከል መያዝ ነው፤ ለዚህ አስተማማኝ የኔትወርክ መስመርና የሙሉ ጊዜ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል።

ወረፋው ራሱ ሚዛኑን ያሳያል። በእንግሊዝኛ የታተሙ ብዙ መጻሕፍት ከርዕስ ገጹ ጀርባ የምደባ ቁጥራቸውንና ርዕሰ ጉዳያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከውጭ በስጦታ የሚላኩትም ሆኑ በግዥ የሚመጡት በመቅዳት ብቻ ይመዘገባሉ። የአዲስ አበባ አሳታሚዎች መጻሕፍት በአብዛኛው ይህ የላቸውም፤ ካታሎገሩ ደራሲውን መለየት፣ ጉዳዩን ማንበብና ቁጥሩን ከራሱ ማውጣት አለበት። ስለዚህ የባዕዱ መጽሐፍ ሳምንት ሳይሞላው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ የአገሩ መጽሐፍ በኋላ ክፍል ይከማቻል። ከበጀትም ከኮምፒውተርም እጥረት ይልቅ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ካታሎግ ትልቁ ድካም ይህ ነው ማለት ይቻላል።

በምዕራብ ሸዋ ላይ ቁቤ ይጨመራል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኦሮምኛ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ ሲጀምር የአምቦ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ እንግሊዝኛን፣ አማርኛንና ኦሮምኛን በሁለት ፊደል ይይዝ ጀመር። ቁቤና እንግሊዝኛ ፊደላቸው አንድ ቢሆንም አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። ቁቤ ረጅሙን ድምፅ አናባቢውን በመድገም ያሳያል፤ አምቦ የተወለደው የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ስም በቁቤ «ሃ» በሁለት «ኤ» ተጽፎ «ጫ» በ«ሲ» ሲገባ፣ በእንግሊዝኛው በአንድ «ኤ» ተጽፎ ከዚያ «ሲ» እና «ኤች» ይከተላል። በኤቢሲ ድርደራ ሁለቱ ይራራቃሉ። የአምቦ፣ የጉደርና የሸነን ስም ራሳቸው በቁቤና በእንግሊዝኛ ይለያያሉ። ለኦሮሞ ደራሲያንም ስማቸው በራሳቸው ስም እንዲጀምር የሚያዘው ሕግ ይሠራል፣ መዝገቡ ግን ቢያንስ ሦስት አጻጻፍ፣ የቁቤውን፣ የፊደሉንና የእንግሊዝኛውን፣ አስሮ መያዝ አለበት።

ለግብርናና ለጤና ትምህርት ክፍሎች የሪፈረንስ መሣሪያዎቹ ከወረቀት ወጥተዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለታዳጊ አገሮች ያወጣው ቲያል የተባለው የግብርና መጽሔቶች ስብስብ መጀመሪያ በሲዲ ይደርስ ነበር። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪን፣ በ2003 የምግብና እርሻ ድርጅት አጎራን ሲያስጀምሩ በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶች በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ተከፈቱ። የሪፈረንስ ሠራተኛው ሥራ መጽሐፍ ከማውጣት ወደ ፍለጋ ማስተማር ዞረ።

የዩኒቨርሲቲዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች በዲጂታል ማከማቻ ሲሰበሰቡ የድሮው የስም ጥያቄ በአዲስ በር ገብቷል። የማከማቻው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው፤ ተማሪው የአባቱን ስም ይጽፍበታል፣ ፕሮግራሙም ያንን ወደ ፊት ያመጣል። ዓለም አቀፍ መጽሔቶችም ጽሑፉን በአባት፣ አንዳንዴም በአያት ስም ይጠቅሱታል። በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ በራሱ ስም የሚገኝ ተመራማሪ በጥቅስ መዝገብ በአባቱ ስም ይቆጠራል፤ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው ኮምፒውተር አይደለም። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት መፍትሔ ብለው የያዙት በቅጹ ሣጥን የራስን ስም አስገብቶ የአባት ስምን በመከተያነት መጻፍ፣ በስሞች መዝገቡ ደግሞ ሁለቱንም ቅርጽ ማያያዝ ነው።